ሰማይ ላይ የታየው፣ መዝገብ ላይ የጠፋው

በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በተካሄደ የኢትዮጵያውያን የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሏል።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የሥራ ፈረቃችሁን አስለውጣችሁ መምጣታችሁን አውቃለሁ። ውለታችሁ አለብኝ።

የዛሬው ርእስ ከዚህ መድረክ ሲነበብ ብዙዎቻችሁ ፈገግ አላችሁ። አልተቀየምኩም። ዩፎ፣ በራሪ ሳህን፣ ከሰማይ የወደቀ እንግዳ ነገር ሲባል ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። ነገር ግን ያንን ፈገግታ ዛሬ አብረን እንድንመረምረው እፈልጋለሁ። የስንቱን አንደበት እንደዘጋ ስለማውቅ ነው። የእኔንም ዘግቶታል፤ እርሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እኔ የራዳር ሰው ነኝ። ሀገር ቤት ሳለሁ ለ19 ዓመታት ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ መስታወቱ ላይ የምትዞረውን አረንጓዴ ጨረር በዓይኔ ስከተል ኖሬያለሁ። እያንዳንዷ ነጥብ ሰው የያዘች ናት ብለን ነበር የምንሠራው። ዛሬ የምናገረው ከዚያ ወንበር ሆኜ ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር አለ ወይስ የለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ተዉልኝ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሰው ወደ ወታደሩ ሄዶ «ይህን አየሁ፣ ይህን አገኘሁ» ሲል ወታደሩ ምን አደረገ? ጻፈ ወይስ ሳቀ? መረመረ ወይስ ደበቀ?

በሦስት ነገር እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ በዚሁ በምንኖርበት ከተማ ሰማይ ላይ የሆነውን፤ ቀጥሎ ሮዝዌል ስለሚባለው ቦታ፤ በመጨረሻም ነገሩን በአግባቡ ስለያዙ ሰዎች። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። ከዚህ አዳራሽ ተነሥታችሁ ፖቶማክን ብትሻገሩ ናሽናል የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ዛሬ ሬገን ናሽናል ነው የሚባለው። ከመካከላችሁ እዚያ የሚሠሩ አሉ፤ ከዚያ ተሳፋሪ ጭነን የኖርንም ብዙ ነን። ቅዳሜ ጁላይ 19 ቀን 1952፣ ከእኩለ ሌሊት 20 ደቂቃ በፊት፣ ኤድዋርድ ኑጀንት የሚባል የበረራ ተቆጣጣሪ በዚያ ራዳር ላይ ሰባት ነጥቦች አየ። በዚያ አቅጣጫ የሚጠበቅ አውሮፕላን አልነበረም። አለቃውን ሃሪ ባርንስን ጠራው። ባርንስ መሣሪያውን አስፈተሸ፤ መሣሪያው ደህና ነው። መቆጣጠሪያ ማማው የራሱ ሌላ ራዳር ነበረው፤ ደውሎ ጠየቃቸው፤ እነርሱም አይተዋል። አንድሩስ የአየር ኃይል ሰፈርም ጠየቀ፤ እዚያም ታይቷል። ይህን ልብ በሉልኝ! ባርንስ አልሳቀም። እንዲህ ነው ሥራ የሚሠራው፤ መሣሪያህን ፈትሽ፣ ጎረቤትህን ጠይቅ።

ተዋጊ አውሮፕላኖች እንዲነሡ ተጠየቀ። የአንድሩስ ማኮብኮቢያ በጥገና ላይ ስለነበረ ጄቶቹ መምጣት የነበረባቸው ከዴላዌር ነው። ዘገዩ። ሲደርሱ ነጥቦቹ ጠፉ፤ ጄቶቹ ሲሄዱ ነጥቦቹ ተመለሱ። በሳምንቱ፣ ጁላይ 26፣ እንደገና ታዩ። ጋዜጣው ሁሉ በዋና ርእስ አወጣው። የአሜሪካ መዲና ናት፤ ዋይት ሀውስ ከሥሯ ነው፤ ዘመኑም ሶቪየት ኅብረት አቶሚክ ቦምብ ከሠራች ሦስት ዓመት ያልሞላበት የስጋት ዘመን ነው።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ። የአየር ኃይሉ እነዚህን ነገሮች የሚመረምር ቢሮ ነበረው፤ ፕሮጀክት ብሉ ቡክ ይባላል። መቀመጫው ኦሃዮ፣ ዴይተን ነው። ኃላፊው ሻምበል ኤድዋርድ ራፕልት የሚባል መኮንን ነበር። ከመጀመሪያው ሌሊት በኋላ በአጋጣሚ ለሥራ ወደ ዋሽንግተን መጣ። የመርማሪው ቢሮ ኃላፊ ወሬውን የሰማው ከማን ይመስላችኋል? ከጋዜጣ! እሺ፣ ልመርምር፣ ተቆጣጣሪዎቹን ላነጋግር ብሎ ፔንታጎን ውስጥ የመሥሪያ ቤት መኪና ጠየቀ። መኪና ለጄኔራሎችና ለከፍተኛ ኮሎኔሎች ነው ተባለ። በታክሲ ልሂድ ቢል ሒሳቡን ከኪሱ እንዲከፍል ነው የተነገረው። ይባስ ብሎ የጉዞ ትእዛዙ ፔንታጎን ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ ቢያድር ከሥራ እንደኮበለለ እንደሚቆጠር አስታወቁት። ወደ ዴይተን ተመለሰ።

እኔ በዚህ ከተማ 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ከፔንታጎን እስከ ናሽናል ያለውን መንገድ ሳልመለከት አውቀዋለሁ። መንገዱ ካልተጨናነቀ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ያ ሻምበል ትዝ ይለኝ ነበር። የሀገር መዲና ሰማይ ላይ የታየ ነገር፣ የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ አንድ መኪና። ተከለከለ። የተቆጣጣሪዎቹ ቃል ትኩስ በነበረበት ሰዓት የሚጽፍላቸው አልመጣም።

ጁላይ 29 ሜጀር ጄኔራል ጆን ሳምፎርድ ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጠ። ፔንታጎን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ያን ያህል ጋዜጠኛ አላስተናገደም ነበር። የሙቀት ግልብጦሽ ሊሆን ይችላል አለ። ምን ማለት ነው? በበጋ ሌሊት ከመሬት አጠገብ ቀዝቃዛ አየር ይተኛል፤ ከላዩ ሞቃት አየር ይደረብበታል። የራዳሩ ጨረር እዚያ ድንበር ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይታጠፍና መሬት ላይ ያለ ሕንፃ፣ መኪና፣ መርከብ ነክቶ ይመለሳል። መስታወቱ ላይ ግን ሰማይ ላይ ያለ ነገር መስሎ ይታያል። ይህ እውነት ነው። እኔም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በሙያችን የታወቀ ነው። ነገር ግን ባርንስና ባልደረቦቹም ያውቁት ነበር፤ አውቀውም ይህ ያ አይደለም አሉ። ማን ትክክል ነበር? ይህን ለመለየት ያን ሌሊት እዚያው መገኘት ያስፈልግ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ ሲአይኤ በፊዚክስ ሊቁ በሮበርትሰን የሚመራ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ጠራ። አራት ቀን፣ በድምሩ 12 ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ለሀገር ደኅንነት ቀጥተኛ አደጋ አላየንም አሉ፤ ይህ ተገቢ ፍርድ ሊሆን ይችላል። ቀጥለው ግን ሕዝቡ ለነገሩ ያለው ጉጉት እንዲቀንስ፣ ምስጢራዊ ገጽታው እንዲገፈፍ ይሠራ የሚል ምክር ሰጡ። ከዚያ ወዲህ የመርማሪው ሥራ ቀስ በቀስ ሕዝብን ማረጋጋት ሆነ። አያችሁ? ያ ፈገግታ የራሱ ታሪክ አለው። መሥሪያ ቤት ያሳደገው ፈገግታ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ቦታውንም ዘመኑንም አልጠራም። የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አንዲት ነጥብ ከምሥራቅ ብቅ አለች። ቀስ ብላ መጣች፣ ቆመች፣ ደቂቃዎች ቆየች፤ ከዚያ ማንም አውሮፕላን በማይሄድበት ፍጥነት ወደ ሰሜን ሄደች። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ጓደኛዬ አይቷል። የዕለት መዝገቡን ሳብኩና ብዕር አነሣሁ። የፈረቃው ኃላፊ ትከሻዬን ያዘኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስለ እኔ አዝኖ ነው። «ይህን ከጻፍክ ነገ ወደ ሐኪም ይልኩሃል፤ ከዚህ ወንበርም ያነሡሃል። ልጆች አሉህ» አለኝ።

ብዕሩን አስቀመጥኩ።

የሙቀት ግልብጦሽ ሊሆን ይችላል። የወፎች መንጋ ሊሆን ይችላል። የመሣሪያ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ በማግሥቱ ሰው የጫነ አውሮፕላን የሚመራው ያው መሣሪያ ነው! ይህን አስባችሁታል? የማይጻፍ እንግዳ ነገር ማለት የማይጠገን ጉድለትም ማለት ነው። ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛው ነጥብ ሮዝዌል ነው፤ እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን አባቴን ላስታውስ። ልጅ ሳለሁ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ሰላሌ ውስጥ እኛ ጤፍ ማሳ ላይ አንድ ነገር ወደቀ። የተቀደደ ስስ ጎማ፣ ረጅም ክር፣ ጫፉ ላይ ነጭ ሣጥን። ዛሬ የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ እንደነበረ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ማን ያውቃል? አንዱ ቦምብ ነው አለ፣ አንዱ መተት ነው አለ። አባቴ «የመንግሥት ዕቃ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» ብሎ በነጠላ ጠቅልሎ በበቅሎ ጭኖ ግማሽ ቀን ተጉዞ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አስረከበ። የተቀበለው ሰው ምንነቱን አልነገረውም። ደረሰኝ አልሰጠውም። «ሂድ፣ ስለዚህ ነገር ለማንም አታውራ» ብሎ ሰደደው። አባቴ ተመልሶ ዝም አለ። አባቴ ዝም ሲል አገሩ አወራ። በዓመቱ ዝናብ ዘገየ፤ በዚያ ሣጥን ምክንያት ነው ተባለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሣጥኑ ሌሊት ያበራ ነበር፣ ውስጡ ድምፅ ነበረ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ማሳው አጠገብ ደርሰው የማያውቁ ሰዎች! አንዲት ቃል፣ «ዝናብና ነፋስ የሚለኩበት ፊኛ ነው» የምትል አንዲት ቃል ቢሰጡት ኖሮ ያ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ሮዝዌልም ይኸው ነው። በ1947 ክረምት ማክ ብሬዝል የሚባል የከብት እርባታ ሠራተኛ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ግጦሽ መሬት ላይ የተበታተነ ስብርባሪ አገኘ። የጎማ ቁርጥራጭ፣ ብርማ ወረቀት፣ ቀጫጭን እንጨት፣ አበባ የታተመበት ማጣበቂያ። ያኔ ኬኔት አርኖልድ የሚባል አብራሪ ዋሽንግተን ግዛት ላይ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች አየሁ ብሎ አገሩ በሙሉ ስለ በራሪ ሳህን ያወራ ነበር። ብሬዝል ወደ ሮዝዌል ከተማ ሲወጣ ለሸሪፉ ነገረ። ሸሪፉ ለጦር ሰፈሩ ነገረ። የመረጃ መኮንኑ ሻለቃ ጄሲ ማርሴል ሄዶ ስብርባሪውን ሰበሰበ። ጁላይ 8 ቀን የጦር ሰፈሩ በራሪ ሳህን በእጃችን ገብቷል ብሎ መግለጫ አወጣ። ይህን ያለው ተራ ሰፈር አይደለም፤ 509ኛው የቦምብ ጓድ ነው፤ በዓለም ላይ አቶሚክ ቦምብ ለመጣል የሠለጠነ ሌላ ጓድ በሌለበት ዘመን። በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ላይ የሰፈሩ የበላይ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ሮጀር ሬሚ፣ የለም፣ የአየር ጠባይ ፊኛ ነው አለ። ነገሩ ተዘጋ።

ብሬዝል ለአካባቢው ጋዜጣ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ወደፊት ቦምብ ካልሆነ በስተቀር ምንም ባገኝ ለማንም ትንፍሽ አልልም ነው ያለው። የአባቴን ፊት ነው ያየሁበት።

እውነቱ ምን ነበር? በ1994 የአየር ኃይሉ ራሱ ያወጣው ምርመራ እንደሚለው ስብርባሪው ሞጉል ከሚባል ምስጢራዊ ሥራ የመጣ ነው። አሜሪካኖች የሶቪየት አቶሚክ ሙከራ የሚያሰማውን ድምፅ ከሰማይ ለማዳመጥ ብዙ ፊኛዎችን በአንድ ረጅም ክር ሰድረው፣ የራዳር ማንፀባረቂያና ማዳመጫ አንጠልጥለው እዚያው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ካለችው ከአላሞጎርዶ ይለቁ ነበር። ሥራውን የሠሩት የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቻርልስ ሙር የአበባውን ማጣበቂያ ሳይቀር አስታውሷል፤ ማንፀባረቂያውን የሠራው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ነበር። ስለዚህ ጄኔራሉ ፊኛ ነው ሲል ሙሉ ውሸት አልተናገረም፤ ግማሽ እውነት ነው የተናገረው። ግማሽ እውነት ደግሞ 47 ዓመት አይዘልቅም። በ1978 ማርሴል አርጅቶ ከዝምታው ወጣ፤ የሰበሰብኩት ነገር የዚህ ምድር አልነበረም አለ። ከዚያ ወዲያ ወሬው እንደ ሰላሌው ሣጥን አደገ። አስከሬን ነበረ ተባለ፤ ሁለተኛ የወደቀበት ቦታ አለ ተባለ፤ ከተማዋም ዛሬ በዚሁ ትተዳደራለች።

የኒው ሜክሲኮው የምክር ቤት አባል ስቲቨን ሺፍ ጠይቆ የመንግሥት ሒሳብና ሥራ መርማሪው ቢሮ መዛግብቱን ፈለገ። በ1995 ሪፖርቱ ወጣ። ምን ተገኘ? የሮዝዌል ሰፈር በዚያ ዘመን ያስተላለፋቸው የመልእክት መዛግብት ተወግደዋል፤ ማን በማን ፈቃድ እንዳስወገዳቸው የሚያሳይ ጽሑፍ የለም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው። መዝገቡ ከተወገደ ግን እያደር ምኑ ይጠራል? የሞጉል ነገር ለእኔ አሳማኝ ነው። ያን ወረቀት አጥፍቶ ደግሞ እመኑኝ ማለት ግን አይቻልም። በ1997 የአየር ኃይሉ ሌላ ሪፖርት ጨመረ፤ ሰዎች አስከሬን ያሉት በጣም ከፍ ካሉ ፊኛዎች የተጣሉ፣ ሰው የሚመስሉ የሙከራ አሻንጉሊቶችን ነው አለ። አሻንጉሊቶቹ የተጣሉት በ1950ዎቹ ነው፤ ስብርባሪው የተገኘው በ1947። ያ ሪፖርት ባይጻፍ ይሻል ነበር እላለሁ።

ሌላም ልጨምር። ዩ-2 የሚባለው የስለላ አውሮፕላን በ1955 መብረር ሲጀምር ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪዎች ሲመሽ፣ መሬቱ ጨልሞ ሳለ፣ ከበላያቸው ገና ፀሐይ የምታበራበት ነገር ያዩና ያመለክታሉ። የብሉ ቡክ መርማሪዎች ወደ ሲአይኤ ደውለው ምን እንደሆነ ይረዳሉ፤ ላየው አብራሪ ግን እውነቱን መንገር አይችሉም። ሲአይኤ ይህን የሚገልጸውን የታሪክ ጥናቱን ያወጣው በ1997 ነው። ምስጢር መጠበቁን አልነቅፍም፤ የጦርነት ስጋት ዘመን ነበር። ግን አስቡት፤ ያ አብራሪ በትክክል አይቷል። ዓይኑ አልዋሸውም። ተሳስተሃል ተባለ። ብሉ ቡክ በ1969 መጨረሻ ሲዘጋ 12,618 ማመልከቻዎች መዝግቦ ነበር፤ 701ዱ ምንነታቸው ሳይታወቅ ቀርተዋል። ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተኋላ እንደ አባቴ ያለ ሰው ቆሟል።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 1967 ሌሊት፣ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሻግ ሃርበር በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ሰዎች መብራት ያለው ነገር ወደ ባሕሩ ሲወርድ አዩ። አውሮፕላን የወደቀ ስለመሰላቸው ለፖሊስ ደወሉ። ፖሊሶች መጡ፤ ውኃው ላይ ያለውን መብራት እነርሱም አዩት። ዓሣ አጥማጆቹ ሰው እናድናለን ብለው ጀልባቸውን ይዘው ወደ ጨለማው ገቡ። ያገኙት ቢጫ አረፋ ነው። በሃሊፋክስ ያለው የነፍስ አድን ማእከል የጎደለ አውሮፕላን የለም አለ። የባሕር ኃይል ጠላቂዎች ተልከው ለቀናት ወለሉን ፈተሹ፤ ምንም አላገኙም፤ ምንም አላገኘንም ብለውም ጻፉ። ወረቀቱ ዛሬም አለ። ሰው ሊያድን ጀልባ ላይ የወጣን ማን ይስቅበታል?

ካናዳ በ1978ም እንዲሁ አደረገች። ኮስሞስ 954 የተባለ፣ የኑክሌር ማብላያ የተሸከመ የሶቪየት ሳተላይት በሰሜን በረዶ ላይ ተበተነ። ወታደሮች በዚያ ብርድ ወራት ፈጅተው አደገኛ ጨረር የሚያወጣውን ቁርጥራጭ ለቀሙ፤ መዝግበው ለሶቪየቶች የካሣ ሒሳብ ላኩ፤ 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላርም አስከፈሉ። ያለ መዝገብ ካሣ አይጠየቅም።

ወደ ቤታችንም ተጠግቷል። ዲሴምበር 30 ቀን 2024፣ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ማኩዌኒ ውስጥ ሙኩኩ የሚባል መንደር ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወደቀ። የኬንያ የጠፈር ኤጀንሲ መጥቶ አነሣው፣ ለካው፣ መዘነው፣ በቀናት ውስጥ ከሮኬት የተለየ ቀለበት ይመስላል፣ ምርመራው ይቀጥላል ብሎ ለሕዝቡ ነገረ። ያን ዜና ሳነብ አባቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ አልኩ።

እዚህ አሜሪካም እየተሻለ ነው። በ2021 የመንግሥት የመረጃ መሥሪያ ቤት ያወጣው ሪፖርት፣ ከቀረቡለት 144 ማመልከቻዎች አንዱን ብቻ፣ እየተነፈሰ የነበረ ትልቅ ፊኛ ነው ብሎ እንደለየ ገልጾ፣ አብራሪዎች መሳለቂያ መሆንን ፈርተው እንደማይናገሩ በግልጽ ጻፈ። ከስልሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ቢሆንም መንግሥት ራሱ አመነ! በ2022 ፔንታጎን አዲስ የምርመራ ቢሮ አቋቋመ፤ በ2024 ያወጣው የታሪክ ሪፖርት ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር ለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም ይላል። በፌብሩዋሪ 2023 ግን፣ አሜሪካ ሰማይ ላይ ታይቶ ተመትቶ ከወደቀው የቻይና ፊኛ በኋላ፣ በሦስት ቀን ሦስት ነገር ተመትቶ ሲወድቅ፣ ስብርባሪው ሳይገኝ ፍለጋው ቆመ። አንዱ አላስካ፣ አንዱ ዩኮን፣ አንዱ ሂውረን ሐይቅ ላይ ነው የወደቀው። ሥራው ገና ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የቀድሞ አብራሪዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የማማ ሰዎች አላችሁ፤ በመርከብ የሠራችሁ አላችሁ፤ በረሃ የሌሊት ዘብ የቆማችሁ አላችሁ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ያያችሁትን ለሚስታችሁ እንኳ ያልነገራችሁ? እጅ አውጡ አልልም።

ቡናው እየተፈላ ነው። ከረከቦቱ ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ ደብተር አስቀምጫለሁ። ስም መጻፍ አያስፈልግም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አቅጣጫው፣ ነፋሱ፣ አብሯችሁ ማን እንደነበረ፤ ያስታወሳችሁትን ያህል። የመጀመሪያውን ገጽ ትናንት ማታ እኔ ጻፍኩበት፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ የእናንተ ነው።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ።